ከገራዶ የመጣችው ገብስማ

ሸሪፋ የዶሮ መኖ በምታዘጋጅበት ጠባብ ክፍልና በቀበሌው ጽሕፈት ቤት መካከል ያለው ግድግዳ ጭቃው የረገፈ ነበር። እንጨቱ ከእንጨቱ በተራራቀበት ቦታ የሲጋራ ጭስ ይገባል፣ የጽሕፈት መኪና ድምፅ ይገባል፣ ወሬ ይገባል። በዚያን ዕለት ጠዋት ፉርሽካውን በውሃ እያራሰች ሳለች የሊቀ መንበሩ የጓድ ቀለሙ ድምፅ ገባ። «ከሰዓት በኋላ አስር ሰዓት ላይ ሕዝቡ ይጠራ። ልጁ በሕዝብ ፊት ይጋለጥ፤ ነገ ጠዋት ወደ ላይ ይላካል።» ሌላ፣ ፈራ ተባ የሚል ድምፅ፣ «ምናልባት ዶሮዎቹ ታመው ቢሆንስ፣ ጓድ?» ሲል ጠየቀ። «በሽታ ፍራሽ ስር ዱቄት ይደብቃል እንዴ?» አለ ቀለሙ፤ ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። የጠየቀው ሰውም ዘግይቶ አብሯቸው ሳቀ።

የሸሪፋ እጅ ፉርሽካው ውስጥ እንዳለ ቀረ። ልጁ የተባለው የባሏ ታናሽ ወንድም እንድሪስ ነው። የሴቶች ማኅበሩን ዶሮ ቤት ማታ ማታ የሚጠብቀው እሱ ነበር። ወደ ላይ የሚባለው ቦታ የት እንደሆነ ደግሞ በዚያ ዘመን በደሴ ከተማ አፍ አውጥቶ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ወደዚያ ከተላኩት መካከል ተመልሶ ስለ ቦታው ያወራ ስላልነበር ነው። እንድሪስ ከተያዘ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከመንግሥት የዶሮ ማዕከል ለማኅበሩ የተሰጡት ነጫጭ የፈረንጅ ዶሮዎች ክንፋቸውን እየጣሉ፣ ደም እየተቀመጡ ማለቅ ሲጀምሩ አብዮት ጠባቂዎቹ የዘበኛውን ጎጆ ፈተሹ፤ ከፍራሹ ስርም በጋዜጣ የተጠቀለለ ነጭ ዱቄት አገኙ። የወባ ማጥፊያ ሠራተኞች ለቁንጫ ብለው የሰጡት መሆኑን እንድሪስ ደጋግሞ ተናገረ። የሰማው ግን አልነበረም።

ሸሪፋ የምታውቀው ሌላ ነገር ነው፤ ያወቀችው ነገርም ከሦስት ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ነስቷታል። ነጮቹ ዶሮዎች እንቁላል ይጥላሉ እንጂ አይታቀፉም። ሊቀ መንበሩ ደግሞ ለአብዮት በዓል ጫጩት ይድረስ ብሎ ነበር፤ ከምን እንደሚፈለፈል አልተናገረም። ስለዚህ የአማቷን የጣይባን ገብስማ ዶሮ፣ ከገራዶ ዘመዶቻቸው ያመጡላቸውን፣ በዘንቢል ደብቃ አስገባችና መኖ ክፍሉ ጥግ ገለባ አንጥፋ የነጮቹን እንቁላል አሳቀፈቻት። ገብስማዋ ፈለፈለች። ቀለሙም ከአውራጃ ለመጡ እንግዶች ጫጩቶቹን እያሳየ የተደራጁ ሴቶች ውጤት መሆናቸውን አብራራ፤ ተጨበጨበ። ክረምቱን ሙሉ ገብስማዋ ጫጩቶቿን አስከትላ ሰው ሲመጣ መኖ ክፍሉ ውስጥ እየተደበቀች፣ በነጮቹ መሐል እየጫረች፣ እያንቋቋች፣ ኩሷን እየጣለች ዋለች። መስከረም ሲጠባ ነጮቹ መሞት ጀመሩ፤ እሷ ግን እንደ ወትሮዋ ነበረች። ሸሪፋ ነገሩ ሲገባት ዶሮዋን ወደ ቤት መልሳ ከአልጋ እግር ጋር አሰረቻት። ይህን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ እሷ፣ ጣይባና እንድሪስ። እንድሪስ ሦስት ቀን ሲገረፍ ስለ ገብስማዋ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ቤታቸው ከፒያሳ ቁልቁል ሲወርዱ ካለው የቀበሌ ቤት መደዳ አንዱ ክፍል ነበር። በሩ ሲከፈት አልጋውን ይነካል፤ ከአልጋው ማዶ የጣይባ መደብ፣ ከመደቡ በላይ ጀላል፣ የሸሪፋ ባል፣ ወደ ጦር ሜዳ ሳይዘምት የተነሳው ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ከጀላል ወሬ ከጠፋ ዓመት ሊሞላው ነው። ሸሪፋ ስትገባ ጣይባ ለእንድሪስ የሚወስዱትን ምሳ ክዳን ባለው ሳህን እየጨለፉ ነበር። ቀና አላሉም። በዚያች ከተማ እናቶች ሁሉ የሳህንን ነገር ተምረውት ነበር፤ ሳህኑ ባዶውን ከተመለሰ ሰውየው አለ ማለት ነው፣ «ከእንግዲህ አያስፈልገውም» ተብሎ ከነምግቡ ከተመለሰ ግን እዚያው በር ላይ ማልቀስም የተከለከለ ነው። ጣይባ ትናንት ባዶ ሳህን ይዘው ተመልሰዋል። ጠባቂው አብዱልወሀብ ከላይ ከላዩ እንደበላው ቢያውቁም ደስ ብሏቸው ነበር።

«አስር ሰዓት ላይ ሕዝብ ይሰበሰባል» አለች ሸሪፋ። «ነገ ወደ ላይ ሊልኩት ነው።»

ጣይባ ክዳኑን ገጠሙ። ሁለቱም አልተያዩም፤ ሁለቱም የሚያዩት ዶሮዋን ነበር። ገብስማዋ ከአልጋው ስር አንድ እግሯን አንስታ ቆማለች። ያ እግሯ ዓምና በር ዘግቶባት ተሰብሮ ጣይባ በሸምበቆ ስንጣሪ አስረው የጠገኑት ነው፤ ከጉልበቷ በላይ እንደ ባቄላ የሚያህል ጉብታ አውጥቶ ድኗል።

«ኮምቦልቻ የከብትና የዶሮ በሽታ የሚያዩበት ቤት አለ» አለች ሸሪፋ። «አንዷን በሽተኛ ይዤ ልውረድ። መርዝ አለመሆኑን ይነግሩኛል።»

«ከየት እንደመጣ ቢነግሩሽስ?»

ሸሪፋ ዘንቢሉን ከግድግዳው አወረደች። ጣይባ ሳህኑን በጨርቅ ቋጠሩና፣ «አንዱን ልጄን ጦርነት ወሰደው፤ አንዱን ዶሮ ሊወስደው ነው» አሉ። ስድስት ዓመት በአንድ ጣሪያ ስር ሲኖሩ ሸሪፋን በስሟ ጠርተዋት አያውቁም፤ ለጎረቤት ሲያወሩ «የጀላል ሚስት» ነው የሚሏት፤ ለራሷ ሲያወሩ «አንቺ»። አሁንም አንቺ ሂጂ፣ ወይም አንቺ ቅሪ ይሉ እንደሆነ ጠበቀች። እሳቸው ግን ሳህናቸውን ይዘው ወጡ።

ሸሪፋ ወደ ዶሮ ቤቱ ተመልሳ አንገታቸውን ከደፉት ነጫጭ ዶሮዎች አንዷን ወደ ዘንቢሏ ከተተች፤ ከላይ ጎመን፣ ከጎመኑ በላይ አሮጌ ሻሽ ደረበችበት። ነጭ ዶሮ በደሴ የመንግሥት ንብረት መሆኑን ሕፃን ያውቃል። ነጭ ዶሮ ይዞ የተገኘ ሰው ሌባ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ከኋላ ተቀምጣ ዘንቢሉን በጉልበቷ መሐል ያዘች፤ ዶሮዋ ዝም ባለች ቁጥር ሞተች ብላ ትደነግጣለች፣ በተንቀሳቀሰች ቁጥር ጮኸች ብላ ትደነግጣለች። ከከተማው መውጫ ኬላው ጋ ሁሉም ውረዱ ተባለ። ፈታሹ ወጣት ነው፤ ጠመንጃው ከሱ ይረዝማል። ጎመኑን ገለጠ።

«ምንድን ናት?»

«ዶሮ ናት፣ ወንድሜ።»

«መሆኗን አየሁ። ነጭ ናት እኮ። የማን ናት?»

ሸሪፋ በሻሹ መልሳ ልትሸፍናት እጇን ሰደደች። በዚያች ቅጽበት ዶሮዋ ጅራቷን አነሳችና በፈታሹ እጅ ላይ ደም ተቀመጠችበት። ወጣቱ እጁን እንደተቃጠለ ሰው ነጠቀ። «ተላላፊ ነው» አለች ሸሪፋ፤ ከየት እንዳመጣችው እሷም አላወቀችም። «ሐኪም ጋ እየወሰድኳት ነው። በቶሎ በሳሙና ታጠበው፣ የኔ ወንድም።» ፈታሹ እጁን ከሰውነቱ አርቆ እያየ፣ «ሂጂ! ሂጂ ከዚህ ይዘሻት!» አለና ወደ በርሜሉ ውሃ ሮጠ። ከተሳፋሪው መሐል አንድ ሽማግሌ ፈገግ አሉ። ሸሪፋ ግን ዶሮ መዝለያ የሚባለውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ጨርሰው እስኪወርዱ፣ አየሩ ሞቅ ብሎ የኮምቦልቻ ቆርቆሮ ከሩቅ እስኪያብለጨልጭ ድረስ ዘንቢሉን መልሳ አልከፈተችውም። ስትወርድ ሻሹን ገለጠችው። ዶሮዋ ሞታለች።

መንገድ ዳር ቆማ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። በክት ይዞ ሰው ቤት መግባት ነውር ነው፤ እጅም አይነካውም። ይሁን እንጂ ወደ ደሴ ባዶ እጇን ብትመለስ አስር ሰዓት ይጠብቃታል። ቢስሚላህ ብላ ዘንቢሉን አነሳችና እየጠየቀች ሄደች። ተመርማሪ የሚቀበለው ነጭ ጋውን የለበሰ፣ ጸጉሩ ከፊት የሸሸ፣ ሞላ የሚባል ሰው ነበር። «ይቅርታ፣ መንገድ ላይ ሞተችብኝ፣ ጥንብ ናት» አለችው። «እኛ ዘንድ የሞተች ትሻላለች፤ አታስቸግርም» አላትና ጠረጴዛው ላይ በጀርባዋ አጋደማት። «እግሯን ያዢልኝ፣ ረዳቴ ስብሰባ ሄዷል።» ሸሪፋ ፊቷን አዙራ ያዘች። እግሩ ገና ትኩስ ነበር።

መቀሱ ሲቆርጥ ድምፁን ሰማች። «ነይ እዪ» አላት። አንጀቱ ተከፍቷል። ነጭ፣ ወፍራም ስፌት ክር የመሰሉ ወስፋቶች ተጠማዝዘው ሞልተውታል። ከታች በኩል ያሉት ሁለቱ ቀጫጭን አንጀቶች ደግሞ በረጋ ደም ጠቁረዋል። ሞላ ደሙን በስስ መስታወት ላይ ቀብቶ ማጉያው ስር አስቀመጠ፤ ሲያይ ቆየና፣ «መርዝ ነው ያላችሁ ማነው?» አለ። «ይሄ መርዝ አይደለም። ደሙን ያመጣው ዓይን የማያየው ተባይ ነው፤ ወስፋቱ ደግሞ ይኸው።» ሸሪፋ አልሃምዱሊላህ ብላ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ሞላ ግን ከጠረጴዛው አልተላቀቀም። ወስፋቶቹን በወረንጦ እየለየ በሳህን ላይ ደረደረ። የተንኮለኛ ፊት የለውም፤ ደስ ያለው ሰው ፊት ነው ያለው፤ ያስፈራትም ይኸው ነበር።

«ሰዉ ሁሉን ወስፋት ይለዋል» አላት። «ግን አንድ አይደለም። ይሄ ረጅሙ አንድ ዓይነት ነው። ይሄ ጭራው የሾለው ሌላ ነው። ይሄ እንደ ኮሶ የተቆራረጠው ጉንዳንና ጢንዚዛ ከሚለቅም ዶሮ ነው የሚገኘው።» በመደርደሪያው ላይ የተደረደሩትን ጠርሙሶች አሳያት፤ በእያንዳንዳቸው ላይ የባቲ፣ የሐይቅ፣ የኩታበር፣ የገራዶ የሚል ተለጥፏል። «ከየገበያው እያመጣሁ ነው የማጠራቅማቸው። ያገሩ ዶሮ ከነዚህ ጋር ተለማምዶ ይኖራል፤ የፈረንጁ ግን አይችላቸውም። ስማቸው አንድ ሆኖ እንኳ የባቲውና የሐይቁ አይመሳሰሉም። ዘራቸው ይለያያል ባይ ነኝ፤ የማይበት መሣሪያ ግን የለኝም።» ከዚያ ቀና አለ። «ከማዕከሉ የሚወጡትን ነጮች ከፍቼ አይቻለሁ፤ ይሄ ሁሉ ዓይነት የለባቸውም። ሽቦ ውስጥ የኖረች ዶሮ ይሄን ከየት አመጣችው? ያገር ዶሮ አብሯት ነበር?»

ሸሪፋ የገራዶውን ጠርሙስ እያየች ነበር። «ያገር ዶሮ አምጥታባት ከሆነስ?» አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋ ለራሷም ሳይሰማት። «ያቺን ያገር ዶሮ ብትከፍቷት ይለያል?»

«አንጀቷን ካየሁማ ይለያል። አንድ ዓይነት ከሆነ አንድ ዓይነት ነው።»

ከዚያ ፊቷን አየና ደስታው ከፊቱ ላይ ጠፋ። ተነስቶ በሩን ገርበብ አደረገው። «ሰው ተይዟል?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ነገረችው። ሞላ እጁን ደጋግሞ ታጠበ፤ ከዚያም ወስፋት ያለበትን አንጀት ቆርጦ ጠርሙስ ውስጥ ከተተና እንዳይበሰብስ መድኃኒት ሞላበት። «ወረቀት አልጽፍልሽም። ማኅተሙ ያለው ኃላፊዬ ጋ ነው፤ እኔም ልጆች አሉኝ። ይሄን ውሰጂ፤ ዓይን ያለው ያየዋል። ከየት መጣ ብዬም አልጠየቅሁሽም፤ አልነገርሽኝም።» በር ድረስ ሸኛትና፣ «የቀሩትን እረዷቸው» አለ። «አንጀቱን ቅበሩ እንጂ ሥጋቸው ሰው አይጎዳም፤ የዶሮ ወስፋት በሰው ሆድ አይኖርም።»

ደሴ ስትደርስ አዳራሹ ሞልቶ ሰዉ በመስኮት ያይ ነበር። እንድሪስ ከመድረኩ ጥግ እጁን የኋሊት ታስሮ ቆሟል፤ ከንፈሩ አብጧል። ጠረጴዛው ላይ ያ በጋዜጣ የተጠቀለለ ዱቄት ተዘርግቷል። ቀለሙ ስለ አሻጥር እየተናገረ ነበር፤ ድምፁ ጥሩ ነው፣ ያለ ማይክራፎን አዳራሹን ይሞላል። ሸሪፋ በሰዉ መሐል እየተጋፋች ሄዳ ጠርሙሱን ከዱቄቱ አጠገብ አስቀመጠችው። 

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ መርዝ አይደለም። አንዷን ዶሮ ኮምቦልቻ ወስጄ አስከፍቻት ነው። ወስፋት ነው፣ ሌላም የደም በሽታ አለባቸው።»

ሰዉ ተንጠራራ። ከፊት የተቀመጠችው አትጠገብ፣ የማኅበሩ ሴቶች ጠጅ ጣይ፣ ተነስታ ጠርሙሱን አየችና፣ «ኧረ ወስፋት ነው! ይሄንማ ማን ያጣዋል፣ ልጆቻችን ስንት ጊዜ ወልደውታል!» አለች። ሳቅ ሆነ። «ልጁን ፍቱት!» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ፤ ሌላም ተከተለ። ቀለሙ እጁን አንስቶ ጸጥ አሰኘ። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስቶ አየው፣ ከዚያ ሸሪፋን አያት።

«እሺ። ዶሮዎቹ ሽቦ ውስጥ ናቸው። ከየት መጣ?»

እንድሪስ ከጥግ ሆኖ አገጩን በትንሹ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ነቀነቀ። አትናገሪ ማለቱ ነው። አላውቅም ብትል ነገሩ ወደ እሱ እንደሚመለስ ሸሪፋ አወቀች፤ ዘበኛው እሱ ነው። «እኔ ያመጣኋት ያገር ዶሮ ነበረች» አለች። «ነጮቹ አይታቀፉም። ጫጩት ይድረስ ስላላችሁ አስታቀፍኳት።»

«የትኛው ጫጩት?»

«ያ ለአውራጃ እንግዶች ያሳያችሁት።»

አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሌሎቹ ግን አልሳቁም፣ የቀለሙ አንገት ሲቀላ አይተው ነበርና። ቀለሙ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ነገ ጠዋት ያቺ ዶሮ እዚህ ትቅረብ፤ ኮምቦልቻ ሄዳ ትከፈታለች። ወስፋት ከሌለባት ወንጀለኛ ለማዳን ዋሽተሻል። ካለባት የሕዝብ ንብረት አውድመሻል።» ከዚያ ወደ እንድሪስ ዞረ። አንድ ሰው ከያዘ ሁለተኛው የሚያስፈልገው አይመስልም ነበር። «አንተ ትፈታለህ። ዶሮዋን ይዘህ የምትመጣው አንተ ነህ። እሷ እስከዚያ እዚሁ ትቆያለች።»

ሸሪፋ ጣይባን በዓይኗ ፈለገቻቸው። ከኋለኛው ግድግዳ ጥግ ተቀምጠው ነበር። «ያቺ ዶሮ» የሚለው ቃል እንደወጣ ተነስተው ነጠላቸውን አከናነቡ፤ የልጃቸው እጅ እስኪፈታ እንኳ አልቆዩም፤ ጀርባቸው በበሩ ወጣ። ሸሪፋ ያን ጀርባ እያየች፣ ልጃቸውን አገኙ፣ እኔን ጨረሱኝ አለች በሆዷ።

የእህል መጋዘን የነበረው ክፍል አሁንም የገብስ አቧራ ይሸት ነበር። እንድሪስ የተኛበት ከረጢት ወለሉ ላይ አለ፤ ግድግዳው ላይ አንድ ሰው በጥፍሩ የፋቀው፣ ሳይጨረስ የቀረ ስም አለ። ሸሪፋ ከረጢቱ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የሞላን ወረንጦ አሰበች፤ ገብስማዋን በጀርባዋ ሲያጋድማት፣ ሲከፍታት፣ እነዚያን በተራ ሲደረድር፣ ይሄ ያው ነው፣ ይሄም ያው ነው ሲል። የሱ ጥፋት አይደለም። ጠርሙሱን ለእውነት ብላ አምጥታ እውነቱ አንቆ ያዛት። ከውጭ የእግር ኮቴ በተሰማ ቁጥር ወደ በሩ ታያለች፤ ነገ ጠዋት ነው ያሉት፣ ግን ለሌሎችም ነገ ብለው በዚያው ምሽት የመጡበት ጊዜ አለ። ለመግሪብ አዛን ተደረገ፤ ውዱእ የምታደርግበት ውሃ አልነበራትም፤ በደረቅ እጇ ግድግዳውን ነካክታ ሰገደች።

ገና ሰግዳ ሳትነሳ ከበሩ የጣይባን ድምፅ ሰማች። የምሽቱ ተረኛ ደጉ የሚባለው ጠባቂ ነበር፤ የጠዋቱ አብዱልወሀብ ሄዷል።

«ልጅዎ ወጣ አይደል እንዴ፣ እትዬ ጣይባ? ምን ቀረዎት?»

«ይሄ ለልጄ ለሸሪፋ ነው።»

ሸሪፋ ቀና አለች። ስሟን ሌላ ሰው የተጠራ ያህል ሰማችው።

«ምንድን ነው?»

«ዶሮ።»

«ዶሮ! ዛሬ የምን በዓል ነው?»

«ልጄ ወጥቶልኝ የለ? እሱ ራሱ ነው ያረደው። ክፈተው፣ እየው።»

ክዳኑ ተከፈተ፤ ደጉ በእንጨት ሲያማስል ይሰማል። ሳህን ሁሉ ሲገባ ከላይ ከላዩ መቀነሱን ሁሉም ያውቃል። «የእስላም ሥጋ ባይሆን ኖሮ አንዷን ብልት አስቀር ነበር» አለ ደጉ።

«ያንተ ተረኝነት መሆኑን አውቄ ነው የመጣሁ» አሉ ጣይባ፤ ደጉ ሳቀ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፣ ለደንቆሮ እንደሚያወሩ፤ «ደግሞ ስማኝ፣ ለሊቀ መንበሩ ንገርልኝ። ስብሰባ ላይ ሳለን ሸለምጥማጥ ገብቶ ያቺን ገብስማ ዶሮዬን በላብኝ! ከነአንጀቷ! ላባዋን ብቻ ነው የተወልኝ። ነገ እንድሪስ ላባውን ይዞ ይመጣል።»

«ሸለምጥማጥ? ከፒያሳ ስር?»

«ዘንድሮ ያልገባበት ቤት አለ እንዴ፣ ደጉ?»

ደጉ በሩን ሰንሰለቱ እስከፈቀደ ገርበብ አደረገው። ሳህኑ በክፍተቱ ገባ። ሸሪፋ በጨለማው ውስጥ ክዳኑን ከፈተች፤ ሞቅ ያለ የበርበሬ ሽታ ወጣ። በእጇ ስትዳብስ እግሩን አገኘች። ጣቷ በአጥንቱ ላይ ሄደ፣ ከጉልበቱ በላይ ያችን የገብስማዋን የባቄላ ጉብታ ነካ፣ እዚያው ቆመ። የሞላ ቃል ትዝ አላት፤ ሥጋቸው ሰው አይጎዳም። ቢስሚላህ አለችና መብላት ጀመረች። አልራባትም። ቢሆንም በላች፤ ለስላሳውን አጥንት አኘከች፣ መረቁን በእንጀራው ጠረገች፣ ከብልቱ አንዱን እንኳ ሳታስቀር።

«ሳህኔን ሳልይዝ አልሄድም» ይሉ ነበር ጣይባ ከውጭ። «ሰዓት እላፊ ሊደርስብኝ ነው፤ ቶሎ በይ፣ ልጄ።»

ሸሪፋ የቀረችውን ጉብታማ አጥንት ሳህኑ ውስጥ አድርጋ ክዳኑን ገጠመችና በክፍተቱ አወጣችው። በዚያችው ክፍተት አየቻቸው። ጣይባ ክዳኑን ከፍተው ከአጥንቷ በቀር ባዶ መሆኑን አዩ። ደጉ ጠመንጃውን ወደ ሌላኛው ትከሻው እያዛወረ ወደ መንገዱ ዞሮ ነበር። እሳቸውም አጥንቷን በሁለት ጣታቸው አንስተው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሯት፤ ቋጠሮውን አንዴ ሳብ አድርገው መጥበቁን አረጋገጡና ባዶውን ሳህን አቅፈው ዳገቱን ተያያዙት።